ውስጡ የሚፈታ መሣሪያ፦ ከማረሻው እስከ ጤና ኬላው ታብሌት

በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ሲደርስ ኳድራንት፣ ቴሌስኮፕና ሰዓት አስጭኖ ነበር። በእነዚህ መሣሪያዎች ሰማዩን እያየ የምንጩን ኬክሮስ ለካ፤ ያገኘው ቁጥር ከ11 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ያለ ሲሆን ዛሬ በሳተላይት ከሚገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከእሱ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም.፣ ፔድሮ ፓኤዝ ቦታውን አይቶ ጽፎ ነበር፤ ብሩስ ግን ያንን ላለመቀበል ብዙ ደክሟል። ከሁለቱ ማን ቀደመ በሚለው ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል። የሰከላ ሰው ከሁለቱም በፊት ምንጩን ማወቁ፣ በጠበሉም መጠመቁ በክርክሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም። እኔን እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ግን የቀዳሚነቱ ጉዳይ ሳይሆን መሣሪያው ነው። ኳድራንቱ የተሠራው ባሕር ማዶ ነው፤ ቁጥሩም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ኤድንብራ ላይ በወጣው የብሩስ መጽሐፍ ነው። የተለካው ግሽ ነው፤ መሣሪያውም ቁጥሩም ግን ከባለቤታቸው ጋር ሄዱ።

ዛሬ በዚያው በሰከላ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ወይም በወንበርማ ገጠር ልኬት የምትወስደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የሕፃኑን ክብደት፣ የእናቲቱን የእርግዝና ወር፣ የወባ ምርመራውን ውጤት ትመዘግባለች። የምትመዘግብበት ታብሌት እንደ ብሩስ ኳድራንት ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ቺፑን የሠራ፣ መስተዋቱን ያቀለጠ ኢትዮጵያዊ የለም። ሆኖም ሁለቱን አንድ ላይ መመደብ ስሕተት ይመስለኛል። ታብሌቱ የሚሠራበት አንድሮይድ የተባለው ስርዓተ ክወና ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ፈትቶ፣ ለውጦ፣ ለራስ ሥራ አስማምቶ መልሶ መግጠም ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሥር ሰደው የቆዩ መሣሪያዎች ታሪክ ሲታይ፣ መሣሪያን የአገር ያደረገው ብረቱ የተሠራበት ቦታ አይደለም። ውስጡን ለመፍታት የነበረው ፈቃድና ያንን ፈቃድ ሥራ ላይ ያዋለው እጅ ነው።

ማስረጃውን ከጥንቱ እንጀምር። የጎጃም ገበሬ ሞፈሩን የሚቆርጠው ራሱ ነው፤ ቀንበሩን የሚጠርበው በበሬዎቹ ቁመትና ጫንቃ ልክ ነው፤ ድግሩን፣ እርፉንም እንደዚሁ። ከገበያ ወይም ከቀጥቃጭ የሚገዛው ማረሻውንና ወገሉን ነው፤ እነሱም በምራን ተጠፍረው ከእንጨቱ ጋር ይያያዛሉ። ቀይ አፈር ላይ የሚያርስ ማረሻው የሚቀመጥበትን አንግል እንደ መሬቱ ያስተካክላል፤ መረሬ ላይ የሚያርስ ደግሞ በሌላ ልክ ይጠፍረዋል። አንድ ክፍል ቢሰበር የቀረው ሁሉ አይጣልም፤ የተሰበረው ብቻ ይለወጣል። ይህ መሣሪያ ሺህ ዓመታት የቆየው ገበሬው አዲስ ነገር ስለሚጠላ ነው የሚል ንግግር በልማት ሠራተኞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተሰምቷል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከውጭ የመጡ አፈር ገልባጭ የብረት ማረሻዎች በየሠርቶ ማሳያው ታይተዋል፤ ከባድ ነበሩ፣ ጥንድ በሬ ያደክማሉ፣ ሲሰበሩም መንደር ውስጥ የሚጠግናቸው የለም። ገበሬው ትቷቸው ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። በአንጻሩ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል መረሬ መሬት ላይ ውኃ እንዳይተኛ የሚያደርግ መደብ ማውጫ ሲያዘጋጅ ሁለት የአገሩን ማረሻ አጣምሮ ነበር የተነሳው። ኋላ አይባር ኢንጂነሪንግ ያወጣው ደግሞ ቀልሎ በአንዱ ማረሻ ላይ የሚገጠም ሆነ። ቅጥያው የተገጠመበትን ማረሻ ነባር አካል አልለወጠውም፤ ሥራው ሲያበቃ ይፈታል፣ ገበሬውም በዚያው ሞፈር ማረሱን ይቀጥላል።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ የሚያሳፍር ምዕራፍ አለ፤ ሳያነሱት ማለፍ አይገባም። ብረቱን የሚያቀልጠው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው በዚያው ማኅበረሰብ የተናቁ ነበሩ፤ ጠይብና ቡዳ እየተባሉ ተሰድበዋል፣ መሬትና ጋብቻ ተከልክለዋል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛውን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ መውጣቱ ራሱ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ይናገራል። እንግዲህ ፈትቶ የመግጠም ፈቃድ በእንጨቱ በኩል ለሁሉም ሲሰጥ በብረቱ በኩል ለተናቀ ወገን ብቻ ተተወ ማለት ነው። የማረሻው ጫፍ ለዘመናት ሳይሻሻል መቆየቱን ከዚህ ነጥሎ ማየት አይቻልም ብዬ አምናለሁ፤ ዕውቀቱ ያለው ሰው ክብርና ገንዘብ አልነበረውም፤ ክብርና ገንዘብ ያለው ደግሞ ብረት መንካት ያሳፍረው ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ የጽሕፈት መኪናው ነው። የግዕዝ ፊደል ሠላሳ ሦስት ረድፍ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ለላቲን ፊደል የተሠራ የጽሕፈት መኪና ደግሞ አርባ ምናምን ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህንን የፈቱት አዲስ መኪና በመፈልሰፍ አይደለም። የነበረውን መኪና ወስደው ፊደሉን በታተኑት፤ ግዕዙን ለብቻ፣ የካዕብና የሣልስ እግሩን፣ የሌሎቹንም ቅጥያ ለብቻ አድርገው በሁለት ምት አንድ ሆሄ እንዲታተም አደረጉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከጽሕፈት መኪና የወጣ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከግንዱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ የተቀመጠበትን ያንን መልክ አይረሳውም። መልኩ ለዓይን አላማረም፤ አንዳንድ ሊቃውንት ፊደሉ ተቆራረጠ ብለው መቃወማቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን የአገሪቱ መንግሥት ደብዳቤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው። ተረፈ ራስወርቅ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ያዘጋጁት የአማርኛ ቴሌፕሪንተርም ከዚሁ መንፈስ የተወለደ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው የጽሕፈት መኪና በባሕርዩ ክፍት ስለሆነ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ክንዶቹ ይታያሉ፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ፊደል በብየዳ ማንሳትና ሌላ መትከል ይቻላል፤ ከልካይ የለም።

ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ክዳኑን ማንሳት ጥቅሙ አበቃ፤ ፊደሉ ያለው ከማይታይ ቦታ ነውና። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሩ፤ ጥረታቸው የሚያኮራ ነበር። ይሁንና ሁሉም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ፍኖተ ሰላም ላይ የተጻፈ ሪፖርት ባሕር ዳር ሲደርስ እንዲነበብ ሁለቱም ቢሮዎች አንድ ዓይነት ፕሮግራም ገዝተው መሆን አለበት። ይህ ግድግዳ የፈረሰው የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ደረጃ፣ በሴፕቴምበር 1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ውስጥ፣ 345 ምልክቶች ይዞ ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲህ የሀ ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ሆነ፤ የማንም ድርጅት ንብረት መሆኑም ቀረ።

አንድሮይድ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ጉግል ኮዱን በኦክቶበር 2008 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ለቀቀው፤ ከሥሩ ያለው የሊነክስ አስኳል ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ክፍት ነበር። ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ ነገር የሆነው ግን ጥቂት ሰው የሚያስታውሰው አንድ ውሳኔ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በ1.5 እትሙ ማንም ሰው የራሱን ኪቦርድ ሠርቶ እንዲጭን ተፈቀደ። አይፎን ይህንን የፈቀደው በ2014፣ አምስት ዓመት ዘግይቶ ነው። እንደ ፊን ግዕዝና ሀሁ ያሉ የአማርኛ ኪቦርዶች በኢትዮጵያውያን ተሠርተው በየስልኩ የገቡት በዚህ በር ነው። ፎንቱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ስልኮች የግዕዝ ፎንት አልነበራቸውም፤ ከአማርኛ ጽሑፍ የሚታየው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። ኮዱ ክፍት ቢሆንም አምራቹ ስልኩን ቆልፎታልና ተጠቃሚው ፎንት ለመጨመር ስልኩን ሩት ማድረግ፣ ማለትም የአምራቹን ቁልፍ መስበር፣ ነበረበት። ያን ጊዜ የሞባይል ጥገና ሱቆች የሠሩትን ሥራ አቃልሎ ማየት ተገቢ አይደለም። ዛሬም በየከተማው ያለ ጠጋኝ የቴክኖ ስልክ ሲሞትበት በኬብል ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ፣ ለዚያ ሞዴል የሚሆነውን የስካተር ፋይል መርጦ፣ ፍላሽ አድርጎ ያነሣዋል። ስርዓተ ክወና ማለት ከሃርድዌሩ ተለይቶ ሊወርድና መልሶ ሊጫን የሚችል ነገር መሆኑን በኢትዮጵያ ብዙ ወጣት የተማረው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከነዚህ ሱቆች ነው።

ለአንድ ሥራ ብቻ የሚሆን መሣሪያ በአንድሮይድ መሥራት ምን እንደሚጠይቅ ባጭሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የሚቆመው እዚህ ላይ ነውና። ቺፑን የሚሸጠው ኩባንያ ከቺፑ ጋር የሚሄድ የሊነክስ አስኳልና ድራይቨሮች ይሰጣል። ሠሪው የአንድሮይድን ክፍት ኮድ አውርዶ፣ መሣሪያው ምን ዓይነት ስክሪን፣ ካሜራና ባትሪ እንዳለው የሚገልጸውን ክፍል ጽፎ፣ ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ምስል ያወጣል። የአሻራ ማንበቢያ ወይም የባርኮድ መሣሪያ ከተጨመረ እሱን ከስርዓቱ ጋር የሚያነጋግር ክፍል መጻፍ አለበት። ከዚያም የማያስፈልገው ሁሉ ይወጣል፤ ጨዋታው፣ ማስታወቂያው፣ ባትሪ የሚበላው ሁሉ። ከአንድሮይድ 5 ወዲህ ደግሞ መሣሪያው ሲበራ ቀጥታ ወደ አንድ መተግበሪያ ገብቶ ከዚያ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ድርጅቶች ይህንን ሁሉ አይሠሩም፤ ተራ ታብሌት ገዝተው የላይኛውን ክፍል ብቻ ያስማማሉ። ገበሬው ወገልና ማረሻ ገዝቶ ሞፈሩን እንደሚጠርበው ሁሉ፣ የሚገዛው ይገዛል፣ ልኩ የሚወሰነው ግን በተጠቃሚው ነው።

በአማራ ክልል የዚህ ሥራ ቀደምት ማስረጃ የሚገኘው በትራኮማ ጥናት ነው። በ1998 ዓ.ም. ግድም በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት በክልሉ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል፤ በአገሪቱ ከታየው ሁሉ የከፋ ነበር። መድኃኒት የሚታደለው በወረዳው በተገኘው የበሽታው ስርጭት መጠን ስለሆነ በየወረዳው በሺህ የሚቆጠር ሰው የዓይን ቆብ እየተገለበጠ መመዝገብ አለበት። ውጤቱ በወረቀት ከተጻፈ በኋላ ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥ፣ ከዚያም ስሕተት ላለመሥራት ሁለተኛ ጊዜ መገልበጥ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦፐን ዳታ ኪት የተባለው ክፍት የመረጃ መሰብሰቢያ በአንድሮይድ ላይ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ግን ይህ ድካም አማራጭ አገኘ። የካርተር ማዕከል ባለሙያዎችም በአንድሮይድ ታብሌት የሚሠራ የራሳቸውን መመዝገቢያ አዘጋጅተው በአማራ ክልል ከወረቀት ጋር ጎን ለጎን ሞከሩት፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2013 በፕሎስ ዋን መጽሔት ታትሟል። የዓይን ቆብ የገለበጠው ሰው ያየውን እዚያው ይነካል፤ መልሶ የሚገለብጥ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጤና ኤክስቴንሽኑ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ባለሙያዋ የምትመዘግበው በወረቀት ነበር፤ ኋላ የቤተሰብ ፎልደር መጣ፤ በየቤቱ አንድ፣ ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ በጎጥ በጎጥ የተሰደረ። በ2010 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ይህንን ወደ ታብሌት የሚያሸጋግር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ስርዓት ጀመረ። መሠረቱ ኮምኬር የተባለ ክፍት መተግበሪያ ነው፤ ክፍት በመሆኑም ሰርቨሩን አገር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ቅጹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎች ማዘጋጀት ተችሏል። አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። እናቲቱ ልጄን የወለድኩት ጳጉሜ 3 ነው ብትል አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ቀኑን የሚያስቀምጥበት የለውም። ባለሙያዋ በልቧ ወደ ሴፕቴምበር መመለስ አለባት፤ ልደቱ መስከረም ላይ ቢሆን ደግሞ ያለፈችው ጳጉሜ አምስት ነበረች ወይስ ስድስት ብላም ማሰብ ይኖርባታል። በአንድ ቀን ከሳተች ስድስት ሳምንት ሲሞላው የሚሰጠው ክትባት ይዛነፋል፤ በወር ከሳተች ሕፃኑ ከዝርዝሩ ይወጣል። ኮምኬርም ኦፐን ዳታ ኪትም ዛሬ ቀን የሚሞላበት ሳጥን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲከፈት ማድረግ ይችላሉ፤ ባለሙያዋ ጳጉሜን ትነካለች፣ ስሌቱን መሣሪያው ይሠራዋል። የአሥራ ሦስተኛው ወር በመሣሪያው ውስጥ መግባት ለአምራች ኩባንያ ትርፍ የሚያመጣ አይደለም። የገባው ኮዱ ክፍት ስለነበረና የሚያስፈልገው ሰው ሊጨምረው ስለቻለ ነው።

መብራትና ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌም እንዲሁ መልስ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። መተግበሪያው መዝገቡን በራሱ በታብሌቱ ውስጥ ይይዛል፤ ባለሙያዋ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ይልካል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አብዛኛው አካባቢም እስከሚቀጥለው ዓመት ማብቂያ ድረስ ሳያገኘው ሲቆይ፣ ከሩቅ ሰርቨር ጋር ሳይነጋገር ምንም መሥራት በማይችልና ብቻውን መቆም በሚችል መሣሪያ መካከል ያለው ልዩነት የወሬ ጉዳይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፦ አንድሮይድ ክፍት ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የጉግል ካርታ፣ የመተግበሪያ መደብሩና ብዙ ሌላ አገልግሎት ዝግ ነው፤ አምራቹ እነሱን ለመጫን የጉግልን ፈተና ማለፍና ውል መፈረም አለበት። የቺፑ ድራይቨሮች አብዛኞቹ የሚሰጡት ኮዳቸው ሳይታይ ነው። የሊነክስ ፈቃድ አስኳሉን ለውጦ የሸጠ ሰው ኮዱን እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ርካሽ ታብሌት የሚሸጡ ብዙ አምራቾች ግን ይህንን ግዴታ አይፈጽሙም፤ የሚከሳቸውም ብዙ የለም። መሣሪያው ሲበራ ስርዓቱን የሚያስነሣውን መነሻ ቁልፍ (ቡትሎደር) የሚዘጉም አሉ፤ ሲዘጋ አምራቹ ማደስ ባቆመ ማግሥት ታብሌቱ ባለበት ይቀራል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ከዚህ ግን ክፍትነት የውሸት ነው የሚል መደምደሚያ አይወጣም። የአያና ብሩ መኪናም ብረቱ፣ ምንጩ፣ ጎማው ሁሉ የውጭ ነበር፤ የተከፈተው ፊደሉ የተተከለበት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃ ነበር። ጥያቄው ሁሉም ተከፍቷል ወይ መሆኑ ቀርቶ ለእኛ የሚያስፈልገው ክፍል ከተከፈቱት ወገን ነው ወይ የሚለው ይመስለኛል። ቋንቋው፣ አቆጣጠሩ፣ ቅጹ፣ መረጃው የሚቀመጥበት ቦታ ከተከፈቱት ወገን ናቸው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉም አሉ፤ ቺፑን ራሳችን እስካልሠራን ድረስ የሌላውን ማስማማት ጥገኝነት ነው ይላሉ። ስሜቱን እጋራለሁ፤ መንገዱን ግን አልቀበልም። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴክኖ ስልኮችን በኢትዮጵያ ሲገጣጥም ቆይቷል። ሥራ ሰጥቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መገጣጠሚያ ሠንሰለት ላይ ብሎን የሚያጠብቅ ወጣት ስርዓቱ ውስጥ ምን እንዳለ እንዲያይ አይጠበቅበትም፤ ከእሱ ይልቅ ፍላሽ የሚያደርገው የሱቅ ጠጋኝ ወደ ውስጡ ይቀርባል። ብረቱ የተገጣጠመበት ቦታ ዕውቀቱ ያለበት ቦታ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ታብሌቶቹ ራሳቸው ያስከተሉት ተስፋ መቁረጥ ነው። ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ ላመጣቸው ላፕቶፖች የግዕዝ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ለወንጪና ለወለንጪቲ አካባቢ ልጆች ሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት ብሎ በኩራት ተናገረ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ሙከራው ግን ወደ ቋሚ ሥራ አልተለወጠም። ከዚያ ቀጥሎ የቆጠራው ታብሌት መጣ። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ያዘዘው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ በ2011 እንደገና ተራዘመ፤ ለእሱ ተብሎ የተገዛው 180 ሺህ ገደማ ታብሌት ለታለመለት ቀን አልዋለም። እነዚህን አንስቶ ቴክኖሎጂው አልጠቀመም የሚል ሰው ግን ሁለት ነገር ያደባልቃል። ቆጠራው የቀረው በጸጥታና በፖለቲካ ምክንያት ነው፤ የወረቀት ቅጽ ቢሆን ኖሮም ይቀር ነበር። የወንጪው ሙከራ ደግሞ የጎደለው ክፍትነት ሳይሆን ተከታይ ነው። ልጆቹ የከፈቱትን ይዞ የሚቀጥል ትምህርት ቤት፣ አስተማሪ፣ የወረዳ ባለሙያ አልተዘጋጀም። ከጤና ኤክስቴንሽኑ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል፦ እዚያ ታብሌቱ የመጣው 15 ዓመት ገደማ በወረቀት ሲሠራ በቆየ ስርዓት ላይ ነው፤ የቤተሰብ ፎልደሩ ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ዝግ መሆን ያለበት ነገርም እንዳለ መካድ የለበትም። በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ የሆነው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የታክስ ማህደሩ የታሸገ ነው፤ ቡሬ ገበያ ላይ ያለ ነጋዴ ፈትቶ ቁጥር ቢለውጥበት ትርጉም አይኖረውም። የታካሚ መረጃ የያዘ ታብሌትም ለማንም ሰው እጅ ክፍት መሆን የለበትም። ነገር ግን መቆለፍ አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን ማን ያዘው የሚለው ሌላ ነገር ነው። ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ አሻራና የዓይን ብሌን የሚይዘው መመዝገቢያ በጥብቅ የተጠበቀ ቢሆንም የሚጠብቀው ኮድ ግን ማንም ባለሙያ ሊመረምረው የሚችል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ይህ መታወቂያ ሻጩ ቢጠፋ ወይም ዋጋ ቢያስወድድ አብሮ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ፈቃዱን ሥራ ላይ የሚያውለው እጅ ከእኛ ዘንድ መጥፋቱ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባቆመ ጊዜ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ሲከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የኮንትራት ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ኮዱ አልጠፋም፤ ክፍት ነውና ማንም አይወስደውም። ሆኖም ኮድ ብቻውን ራሱን አያድስም፤ ታብሌቱ ሲበላሽ፣ የአንድሮይድ እትም ሲለወጥ፣ ቅጹ ሲሻሻል የሚነካው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከአገር ውስጥ በጀት ደመወዝ የማይበላ ከሆነ ፈቃዱ በእጃችን ሆኖ እጁ ከእኛ የለም ማለት ነው። በቀጥቃጩ ላይ የነበረውን ንቀት ያነሣሁትም ለዚህ ነው፤ ዛሬም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲስተም የሚያስተካክለው ልጅ ከአለቆቹ ሁሉ ያነሰ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ሥራውን ሲችልበት ወደ ባንክ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል።

ሊደረግ የሚችለው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ክልሉ ወይም ሚኒስቴሩ ታብሌት ሲገዛ የጨረታ ሰነዱ ላይ ሁለት አንቀጽ ቢጨመር ብዙ ይለወጣል፦ አቅራቢው መነሻ ቁልፉ የሚከፈትበትን መንገድ ያስረክብ፤ የአስኳሉንም ኮድ ፈቃዱ እንደሚያዝዘው ይስጥ። የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሠልጣኝ ሞባይል ጥገና ሲማር ብዙውን ጊዜ የሚፈታው የተቃጠለ ቻርጅ ማድረጊያ ሶኬትና የተሰነጠቀ ስክሪን ነው። አምራቹ ማደስ ያቆመላቸውና መነሻ ቁልፋቸው ክፍት የሆነ አሮጌ የጤና ኬላ ታብሌቶች፣ መረጃቸው ተጠርጎ፣ ለዚያ ክፍል ቢሰጡ፣ ሠልጣኙ ክፍቱን ኮድ አውርዶ፣ ባትሪ የሚበላውን አስወጥቶ፣ ለሌላ አምስት ዓመት የሚያገለግል አድርጎ ወደ ቀበሌው ሊመልሳቸው ይችላል። በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ይህንን የሚሠራ አንድ ቋሚ የሥራ መደብ፣ ደመወዙ ከባንኩ ጋር የሚወዳደር፣ በሚቀጥለው በጀት መጠየቅ ይቻላል።